የጀሪካን ድንች ቅጠል ብቻ ሆነብኝ፤ ስህተቱ የት ላይ ነው? (ባሕር ዳር)

ባለበረንዳዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሽምብጥ ነው ያለሁት። የካቲት አጋማሽ ላይ ስድስት ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን አፋቸውን ቆርጬ ድንች ተከልኩባቸው። አፈሩ የግቢው ጥቁር አፈር ነው፤ ግማሽ ያህል የከብት ፍግ ቀላቅያለሁ። ዘሩ ከቅዳሜ ገበያ ለወጥ የተገዛ ድንች ነው፤ በየጀሪካኑ ሦስት ሦስት። በየሁለት ሳምንቱ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዩሪያ ሰጥቻለሁ። ቦታው ሲሚንቶ በረንዳ ነው፤ ከቀትር እስከ ማታ ፀሐይ አለው። ቅጠሉ ወገብ ደርሶ ጥቁር አረንጓዴ ሆነ፤ ግንቦት መጨረሻ ላይ ስገለብጠው ግን ስድስቱም ተደምረው ሁለት ኪሎ አልሞሉም፤ አብዛኛው ብይ ያክላል። አንደኛው ጀሪካን ላይ ደግሞ ቅጠሉ ቢጫ ሳይሆን ጠውልጎ ሞተ። ምን ላስተካክል? መቼስ ልትከል?

ጣና ዳር አትክልት፦
እህቴ፣ ዋናው ጥፋት ሙቀቱ ነው፤ ዩሪያው ሁለተኛ ነው። ድንች ከሥር በደንብ የሚያፈራው አፈሩ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሲሆን ነው። 25 ካለፈ ይቀንሳል፤ ወደ 30 ሲጠጋ ማፍራቱን ይተዋል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ሌሊቱ ለድንች ችግር የለውም፤ መጋቢትና ሚያዝያ ግን ቀኑ 30 ዲግሪ ይነካል። መሬት ላይ የተተከለ ድንች የሚሞቀው ከላይ ብቻ ነው። ጀሪካን ከጎኑም ይጋላል፣ ሲሚንቶውም ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ከሥር ይለቅበታል። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ጣትሽን በግድግዳው በኩል ወደ አፈሩ ስደጂ፤ ለብ ያለ ውሃ የነካሽ ከመሰለሽ እዚያ ውስጥ ድንች አይሠራም።

ስለዚህ የመትከያው ጊዜ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ይሁን። ድንቹ የሚሠራው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይሆናል፤ ያኔ ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል፣ ዝናቡም ቆሟል። ከጥር አጋማሽ ጀምሮ ይነሣል። ጀሪካኑን ከሲሚንቶው በሁለት ጡብ አንሺው፣ የጠዋት ፀሐይ ብቻ ወደሚያገኝ ግድግዳ አዙሪው፣ ዙሪያውን አሮጌ ኬሻ አልብሺው። ኬሻው ሌላም ጥቅም አለው፦ ቢጫው ጀሪካን ብርሃን ስለሚያሳልፍ ግድግዳው አጠገብ ያለው ድንች አረንጓዴ ይሆናል፤ አረንጓዴውም መርዛማ ስለሆነ አይበላም።

ዩሪያ ሲበዛ ተክሉ ጉልበቱን ለቅጠል ይሰጣል፤ ያየሽው ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል እሱ ነው። ለአንድ ተክል በመትከያው ቀን አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ኤንፒኤስ ማዳበሪያ ከዘሩ አራት ጣት ያህል ራቅ አድርገሽ ቅበሪ። ግንዱ አንድ ስንዝር ሲሆን ግማሽ የሻይ ማንኪያ ዩሪያ ጨምሪና ውሃ አጠጪ። ከዚያ በኋላ ዩሪያ አትንኪ፤ ፍጉ ይበቃዋል።

የአዴት ዘር፦
ዘሩም ላይ ችግር አለ። ለወጥ የሚሸጥ ድንች ዝርያው ተቀላቅሎ ነው የሚመጣው፣ በሽታም ይዞ ሊገባ ይችላል። ከደጋ የመጣ ንጹሕ ዘር ፈልጊ፤ ጉደኔና በለጠ የሚባሉት ዝርያዎች ጥሩ ናቸው፣ ከአዴት የምርምር ማዕከል የወጡት ዘንገናና ጉዋሳም አሉ። መጠኑ የዶሮ እንቁላል ያህል ይሁንና ሳትቆርጪው ሙሉውን ትከይ። የተቆረጠ ዘር በእርጥብ አፈር ቶሎ ይበሰብሳል።

ዘሩ ሳይጎነቁል አይተከል። ቀጥተኛ ፀሐይ የማይነካው ግን ብርሃን ያለበት ቦታ በአንድ ደርብ ብቻ ደርድሪው። ጨለማ ውስጥ የጎነቆለው ነጭና ቀጭን ሆኖ ስትነኪው ይሰበራል። በብርሃን የጎነቆለው አጭር፣ ወፍራም፣ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ነው፤ ከ1.5 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ደርሷል። በጀሪካን አንድ ዘር ብቻ! ሦስቱ እርስ በርስ ይሻማሉ። በ50 ኪሎ ኬሻ ከሆነ ሁለት ይበቃል።

ቀይ አፈር፦
ጥቁር አፈር ብቻውን ለጀሪካን አይሆንም። ውሃ ሲጠጣ እንደ ጭቃ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቅና ሥሩን ይበጥሳል። ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ ቀላቅዪ። እፍኝ ሙሉ ይዘሽ ጨምቂው፤ ቅርፁን ይዞ በአውራ ጣት ሲነካ ከፈረሰ ልክ ነው። ከታች ጣት የሚያሳልፉ ከስድስት እስከ ስምንት ቀዳዳዎች ያስፈልጋሉ።

መጀመሪያ 15 ሴንቲ ሜትር አፈር ሙዪ፣ ዘሩን ጎንቁሉን ወደ ላይ አድርጊ፣ 8 ሴንቲ ሜትር አልብሺው። ግንዱ አንድ ስንዝር ሲወጣ የላይኛውን ቅጠል ብቻ አስቀርተሽ አፈር አስታቅፊው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ድገሚው። ድንቹ ከዘሩ ከፍ ብሎ ስለሚሠራ ካልታቀፈ ፀሐይ ያገኘዋል፣ የድንች የእሳት ራትም እንቁላሏን ትጥልበታለች። ሰዎች ኬሻ እስከ አንገቱ ሲሞሉ በየደርቡ ድንች እንደሚሠራ ያስባሉ። አይሆንም፤ ከ35 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት በቂ ነው። በደንብ ከተያዘ ከአንድ ተክል ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ጠብቂ።

የጓሮ ሐኪም፦
ያ ቢጫ ሳይሆን የጠወለገው ያሳስበኛል፤ አጠውልግ ይመስላል፣ በባክቴሪያ የሚመጣው። እንደገና ካጋጠመሽ ግንዱን ከሥሩ አጠገብ ቁረጪና የተቆረጠውን ጫፍ ንጹሕ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ሳትነቀንቂ ያዢው። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ወተት የመሰለ ቀጭን ክር ከጫፉ እየወረደ ከታየሽ እሱ ነው። መድኃኒት የለውም። ተክሉን አቃጥዪው፣ የዚያን ጀሪካን አፈርም ለድንች፣ ለቲማቲምና ለበርበሬ እንዳትጠቀሚበት፤ ማጠጫሽንም እጠቢ።

ባለበረንዳዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ብዙ ነገር ገባኝ። ሁለት ጥያቄ ይቀረኛል። ጎረቤቴ አመድ ጨምሪ ትላለች፣ ከሐይቁ ዳር የወጣ እምቦጭም ለጉዝጓዝ ይሆናል ይባላል። እውነት ነው? ውሃውስ ስንት ይሁን?

ቀይ አፈር፦
አመዱን ተዪው። አፈሩን ከአሲድነት ሲያወጣው የድንች ቆዳ ላይ እንደ ቅርፊት የሚሻክር እከክ ይበዛል። ያልበሰበሰ ፍግም እንዲሁ ነው።

ጣና ዳር አትክልት፦
እምቦጩ ይሆናል፣ ግን በጥንቃቄ። አበባ የያዘውን አትውሰጂ፤ ዘሩ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል፣ ከቁራጩም እንደገና ይበቅላል። ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ እንደ ገለባ ሲኮሻኮሽ ብቻ አራት ጣት ውፍረት ጎዝጉዢው። አፈሩን በእጅጉ ያቀዘቅዛል። እምቦጩን ካጠብሽው ውሃው ወደ ሐይቁ በሚሄድ ቦይ እንዳይገባ።

ውሃ በሊትር አይወሰንም። ጣትሽ ሁለት አንጓ ገብቶ ደረቅ ካገኘ አጠጪ፣ ከሥር እስኪንጠባጠብ። አበባ ሲጀምር ፈጽሞ ውሃ አይጠማው። ደርቆ ቆይቶ በአንዴ ሲረሰርስ ድንቹ ይሰነጠቃል ወይም ጉብጉብ ያወጣል።

የአዴት ዘር፦
ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ሲተኛ ውሃ አቁሚና ከ10 እስከ 14 ቀን ቆዪ። ከዚያ አንዱን አውጥተሽ ቆዳውን በአውራ ጣት ግፊው። ከተላጠ ጥቂት ቀን ጨምሪለት፤ ካልተላጠ ጀሪካኑን ገልብጪው።