ሐይቁ ዳር ያለው የድሮው ሆቴል ተከፍቷል፤ አባቴን ልጋብዝ ነው፤ የበላችሁበት ንገሩኝ

የዘንባባው ጥግ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ያለው፣ ግቢው ውስጥ ትልልቅ ዋርካዎች ያሉት ሆቴል ከስንት ጊዜ በኋላ ተከፈተ ብለውኝ ነው። ስሙን አልጠራም፤ የከተማው ልጅ የትኛውን እንደምል ያውቃል። እኔ አሁን የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ኅዳር ላይ ቤተሰብ ልጠይቅ እመጣለሁ።

አባቴ መምህር ነበሩ። ዘንድሮ ጡረታ ወጡ። ልጆች ሳለን በዓመት አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ፣ ደመወዝ ሲቀበሉ እዚያ ሆቴል አሳ ይጋብዙን ነበር። ሁልጊዜ የምንቀመጠው ውኃው ጫፍ ያለችው ጠረጴዛ ጋ ነው። ሰው ከያዛት ቆመን እንጠብቃለን እንጂ አባዬ ሌላ ቦታ አይቀመጡም። አሳው እስኪደርስ ከዘጌ በኩል እንጨት ጭነው የሚመጡትን ታንኳዎች ያስቆጥሩናል። አሳው ሲመጣ ደግሞ ሕግ አለ፦ «አሳ ሲበላ አይወራም።» እሾህ ጉሮሯችን ላይ እንዳይሰነቀር ነው። እስካሁን ድረስ አሳ ስበላ አፌን ዘግቼ ነው።

አሁን እኔ ልጋብዛቸው እፈልጋለሁ። ከነልጅ ልጆቹ አሥራ አንድ ነን። ሆቴሉ ሲዘጋ በጣም ነበር ያዘኑት፣ በዚያ ባለፉ ቁጥር አጥሩን አሻግረው ያዩ ነበር፤ ስለዚህ ወስጃቸው ቅር ብሏቸው እንዲመለሱ አልፈልግም። ምግቡ እንዴት ነው? አሳው የዕለቱ ነው ወይስ ፍሪጅ ውስጥ የሰነበተ? ምሳ ይሻላል ወይስ እራት? ያቺ ውኃ ዳር ያለችው ጠረጴዛስ አለች? ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ስለሚገባ ከዚያ በፊት ነው ያሰብኩት። እናቴ በጾም አሳም አይቀምሱም።

ሽንብጥ ሰፈር፦

እህቴ፣ አባትሽን እንኳን ለዚህ አበቃቸው በይልኝ። የመምህር ነገር ይገባኛል፣ እኔም የመምህር ልጅ ነኝ።

ሁለት ጊዜ በልቻለሁ። መጀመሪያ የሄድኩት በተከፈተ በሳምንቱ ነው፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ ተናድጄ ነው የወጣሁት። ሜኑው አራት ገጽ ነው። ፒዛ አለ፣ በርገር አለ፣ ፓስታው ብቻ ስምንት ዓይነት ነው። ያዘዝነውን ሁሉ «የለም» ይሉናል። በመጨረሻ አሳ ጉላሽ አዘዝን፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅን፣ ሲመጣ ደግሞ መሀሉ ቀዝቃዛ ነበር። አስተናጋጆቹ ልጆች ናቸው፣ ትሑቶች ናቸው፣ ግን ማንም ያሠለጠናቸው አይመስልም።

ያለፈው ቅዳሜ ወንድሜ ለምኖኝ ተመለስኩ። ሌላ ቤት ነው የመሰለኝ። ሜኑውን ወደ አንድ ገጽ አውርደውታል፦ አሳ፣ ጥብስ፣ ሽሮ፣ በየዓይነቱ፣ የአሳ ሾርባ። በቃ። ሙሉ አሳ ጥብስ አዘዝን። ጎንና ጎኑ ተተልትሎ፣ ቆዳው ተንኮሻኩሾ፣ ሥጋው ውስጡ ነጭና እርጥብ ሆኖ፣ ከሎሚና ከዳጣ ጋር መጣልን፤ ከትእዛዝ እስከ መቅረብ ሠላሳ አምስት ደቂቃ። ዳጣው እዚያው የተፈጨ ነው፣ ቃሪያውና ነጭ ሽንኩርቱ ይሸታል። የአሳ ዱለቱንም ቀመስኩ፣ ትንሽ ጨው በዝቶበታል።

አሁን የማልወደውን ልንገርሽ። ግሮሰሪውን አውጥተው ውኃው ዳር አድርገውታል። አርብና ቅዳሜ ማታ ሙዚቃው ከመጠን በላይ ነው፣ አጠገብሽ ያለው ሰው የሚልሽን አትሰሚም። አባትሽን ልታጫውቺ ከሆነ በፍጹም ቅዳሜ ማታ አትሂጂ። ደግሞ ኅዳር ገና የወባ ወቅት ነው። ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ትንኙ ይነሳል። ሕፃናት ካሉ ምሳ ይሻላል። ማታ ባጃጅ ማግኘቱም ያስቸግራል።

ሒሳብ ላይ ደግሞ እንዳትደነግጪ። ሜኑው ላይ ከዋጋው ጎን ሁለት የመደመር ምልክት አለ። አንዱ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ነው፣ ሌላው 15 በመቶ ቫት ነው። ቫቱ የሚሰላው የአገልግሎት ክፍያው ከተደመረ በኋላ ስለሆነ 1000 ብር ያልሽው ምግብ 1265 ይሆናል። ለአሥራ አንድ ሰው ስታስቢው ብዙ ነው።

የድሮ ደንበኛ፦

እኔ አልስማማም። ይቅርታ አድርጊልኝ እህቴ፣ ግን ገንዘብሽን አታባክኚ።

ያንን ቤት ቤት ያደረጉት የድሮዎቹ ወጥ ቤቶች ነበሩ። አንዳቸውም አልተመለሱም። ሐይቁ ዳር ደግሞ እስከ ወገብ የሚደርስ የድንጋይ ግንብ ሠርተዋል፤ ተቀምጠሽ ውኃው አይታይሽም፣ ብትቆሚ ነው የሚታይሽ። አባትሽ የሚያውቁት ያ ውኃ እግር ሥር የሚመጣበት ቦታ የለም። አሳ ከሆነ የፈለግሽው ትንንሾቹ አሳ ቤቶች ጋ ሂጂ፣ ዐይንሽ እያየ ይጠበስልሻል፣ በግማሽ ዋጋ፣ ያለ ሁለት መደመር። ለሰው የሚከብደው ተስፋ አድርጎ ሄዶ ሌላ ነገር ማግኘት ነው። እኔ እናቴን ወስጃቸው «ይኼ እኮ ሌላ ቦታ ነው» ሲሉኝ የተሰማኝን አልረሳውም።

ደንገል፦

አሳ ንግድ ውስጥ ከገባሁ ቆይቻለሁ፣ ስለ ሆቴሉ ሳይሆን ስለ አሳው ልናገር።

ምሳ። ያለ ጥርጥር ምሳ። መረቡ ማታ ይጣላል፣ ጠዋት ይነሳል። ጠዋት የወጣ አሳ ለምሳ ሲደርስ ገና የሐይቅ ሽታ አለው። ለእራት የሚቀርበው ግን፣ ቤቱ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ቀኑን ሙሉ በረዶ ላይ ወይም ፍሪጅ ውስጥ የዋለ ነው።

ከዚያ ዓይነቱን ለዪ። «አሳ» ብለሽ ብቻ አትዘዢ። ሙሉ ለመጥበስ ቆሮሶ ነው። እሾሁ ትልልቅ ስለሆነ በቀላሉ ይለቀማል፣ ለልጆችም ይሻላል። አምባዛ ቅርፊት የለውም፣ ስብ አለው፣ ለጉላሽና ለወጥ ነው የሚሆነው፤ ሙሉውን ጥብስ ካሉሽ እምቢ በይ። ነጭ አሳ ጣዕሙ ከሁሉም ይበልጣል፣ እኔ በበኩሌ እሱን ነው የምበላው፣ ግን ሥጋው ውስጥ እንደ መርፌ የቀጠነ እሾህ የሞላበት ነው። የአባትሽ ሕግ ለነጭ አሳ የወጣ ሕግ ነው።

ስለ ነጭ አሳ አንድ ነገር ልበል፣ ሆዴን ስለሚበላኝ ነው። የጣናው ነጭ አሳ አንድ ዓይነት ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ዘመዶቹ 17 ዓይነት ናቸው፣ አብዛኞቹ ከጣና ሌላ በዓለም ላይ የትም የሉም። ክረምት ሲገባ ከእነዚህ ብዙዎቹ እንቁላል ሊጥሉ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ፣ ወደ ግልገል ዓባይ ይወጣሉ። ያኔ ወንዙ አፍ ላይ መረብ ዘርግቶ የሚጠብቃቸው ሰው አለ። እንቁላሏን የያዘች አሳ ስትያዝ የከርሞውንም አብረሽ እንደበላሽ ቁጠሪው። ስለዚህ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነጭ አሳ አትዘዙ፣ ሆቴሎችንም አትጠይቁ። ኅዳር ላይ ግድ የለም። እምቦጩም አለ፤ 2004 አካባቢ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ከታየ ወዲህ በዚያ በኩል ያሉት አስጋሪዎች መረባቸው እየተጠላለፈ፣ ታንኳቸው አላልፍ እያለ ስንቱን ቀን ባዶ እጃቸውን ገብተዋል። አሳ ተወደደ ስትሉ ይህንንም አስቡት።

ከመጠበሱ በፊት አሳው ይምጣልኝ ብለሽ ጠይቂ፣ ነውር የለውም። ዐይኑ ጥርት ያለና ወጣ ያለ ይሁን። መተንፈሻውን ገለጥ አድርገሽ እዪ፣ ደማቅ ቀይ ካልሆነ መልሺ። በጣትሽ ጫን ስታደርጊው ሥጋው ይመለስ። ለአሥራ አንድ ሰው ከሆነ ደግሞ በዋዜማው ደውለሽ «ነገ ጠዋት ከሚወጣው ስድስት ቆሮሶ ያዙልኝ» በያቸው።

ዘጌ ማዶ፦

ደንገል የተናገረውን እኔም እፈርማለሁ። የምጨምረው ጀልባ ነው። ልጆቹ ካሉ ጠዋት በጊዜ ወደ ዘጌ ተሻገሩ፤ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ዑራ ኪዳነ ምሕረትን አይታችሁ ለምሳ ተመለሱ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል፣ ሐይቁ ይናወጣል፣ ትልልቅ ሰው ይዞ አይሆንም።

ከዘጌ ስትመለሱ ቡና ያዙ። የሆቴሉ ቡና መጥፎ አይደለም፣ ግን የዘጌን ቡና ይዛችሁ ብትሄዱ ያፈሉላችኋል፣ እኔ ጠይቄ እሺ ብለውኛል። አባትሽ መምህር ስለሆኑ ታሪኩን ያውቁታል፤ አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሦስት ቦታ ሰብረው ቢተክሉት አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆነ ይባላል። ለልጆቹ ገበታው ላይ ሆነው ይንገሯቸው። ሎሚው አሳው ላይ አለ፣ ጌሾው ጠጁ ውስጥ አለ፣ ቡናው ከምግብ በኋላ ይመጣል።

ቀኑን ስትመርጪ ኅዳር 12ን ተይው። የኅዳር ሚካኤል ዕለት ቆሻሻ ስለሚቃጠል ከተማው በጭስ ይታጠናል። ውጭ ተቀምጦ ለመብላት አይመችም።

የዘንባባው ጥግ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የድሮ ደንበኛ፣ የጻፍከው አስፈርቶኝ ነበር፣ ሁለት ቀን አመነታሁ። ግን አባዬ ራሳቸው «ተከፍቷል አሉ» ብለው በስልክ ሲነግሩኝ ድምፃቸውን ሰማሁት። አሳ ቤት ልወስዳቸው አልቻልኩም። ሄጄ እነግራችኋለሁ።

የዘንባባው ጥግ፦

ሄድን። እሑድ ምሳ ነው። በዋዜማው ደውዬ ስድስት ቆሮሶ አስያዝኩ፣ ድምፅ ማጉያ ከሌለበት በኩል ይሁን አልኳቸው። እሺ አሉ፣ እንዳሉትም አደረጉ።

የድሮ ደንበኛ ስለ ግንቡ ያልከው እውነት ነው። አባዬ ገና ሲገቡ ቆም አሉና ግንቡን ዐዩት። ምንም አላሉም። እኔ ልቤ ዝቅ አለ። ከዚያ አንዱ አስተናጋጅ፣ ሃያ ዓመት የማይሞላው ልጅ፣ «አባባ የት ልዘርጋልዎ?» አላቸው። እሳቸው ወደ ጥጉ፣ ግንቡ የሚያልቅበትና ዋርካው ሥር ወዳለው ሜዳ አመለከቱ። ልጁ ማንንም ሳይጠይቅ ከጓደኛው ጋር ሦስት ጠረጴዛ ተሸክሞ እዚያ ገጠመልን። ውኃው ከዚያ ይታያል። እንጨት የጫነች አንዲት ታንኳ ብቻ ዐየን፣ የቀሩት የሞተር ጀልባዎች ነበሩ፤ አባዬ ግን እሷኑ ለልጆቹ አስቆጠሩ።

አሳውን ከመጠበሱ በፊት አስመጣሁት። ደንገል እንዳልከው መተንፈሻውን ገለጥኩ። አባዬ «ይህን ማን አስተማረሽ?» አሉኝ። አምስቱ ጥሩ ነበሩ፣ ስድስተኛው ዐይኑ ደፍርሶ ነበር፣ መለስኩት፣ ያለ ክርክር ሌላ አመጡ። ጥብሱ በጣም ጥሩ ነው። ጨዋ ልሁን ብዬ አይደለም፣ ከምር ጥሩ ነው፤ ቆዳውን ልጆቹ ተሻሙበት። እናቴ አሳ ብዙም አይወዱም፣ ሽሮ አዘው ሽሮው ዘገየ፣ እኛ ስንጨርስ ነው የመጣላቸው። ይህን ቅር ብሎኛል፣ ለኃላፊዋም ነግሬያታለሁ። ሒሳቡ ላይ አንድ ጠርሙስ ውኃ ደግመው ጽፈው ነበር፣ ሲነገራቸው አስተካከሉት።

አሳው ሲቀርብ የወንድሜ ትንሽ ልጅ ወሬ ጀመረች። አባዬ ጣታቸውን አንስተው «አሳ ሲበላ አይወራም» አሏት። እኔና ወንድሞቼ ወዲያው ዝም አልን፣ እሷ ግን «ለምን?» አለች፣ እሳቸው ሲያስረዷት ራሳቸው ሕጉን ጣሱ። ከምሳ በኋላ ያመጣነውን የዘጌ ቡና አፈሉልን፣ የበትረ ማርያምን ታሪክ አወሩላቸው። ከዚያ አዲሱን የዓባይ ድልድይ ካላየሁ አሉ፣ ሄደን 380 ሜትሩን ከዳር እስከ ዳር በእግራቸው ተሻገሩት።

አሁን አንድ ጥያቄ አለኝ። አባዬ ጡረታ ከወጡ መምህራን ጓደኞቻቸው ጋር በጾሙም ቢሆን ከሰዓት ሻይ ለመጠጣት እየሄዱ እዚያው ዋርካ ሥር ሊቀመጡ አስበዋል። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ሙዚቃ የለም አይደል?

ሽንብጥ ሰፈር፦

የለም። አርብና ቅዳሜ ማታ ብቻ ነው። ሻይ ብቻ ብለው ቢቀመጡም የሚያስነሳቸው የለም፣ እኔ ትናንት ሁለት ሰዓት ተቀምጫለሁ።

የድሮ ደንበኛ፦

ያ ጥግ ላይ ያለው ሜዳ መኖሩን አላየሁም ነበር። እናቴን ይዤ እሄዳለሁ። የልጁን ስም ታውቂዋለሽ?

የዘንባባው ጥግ፦

ስሙን እዚህ አልጽፍም። ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው። ጠረጴዛው ዋርካው ሥር ይሁንልን በለው፣ ይገባዋል።