የመንገድ ላይ እርዳታ፦ ኢንሹራንስ፣ ክለብ ወይስ በስልክ የሚጠራ ክሬን?

መኪና መንገድ ላይ ቢቆም ማንን ልጥራ የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚነሳው መኪናው ከቆመ በኋላ ነው። ያኔ ማማረጥ የለም። ስልክ ያነሳ ሁሉ ጥሩ ነው። ስለዚህ አሁኑኑ አማርጡ።

ርካሹ ከኢንሹራንስ ጋር ትንሽ ተጨምሮ የሚገዛው ነው። አዲስ ወይም ደህና መኪና ላለው ሰው ይበቃል ባይ ነኝ። ጣጣው ብዙዎቹ ኩባንያዎች የራሳቸው ክሬን የሌላቸው መሆኑ ነው፤ ስልኩን የሚያነሳው አንዱ፣ የሚመጣው ሌላ፣ ሲዘገይ ደግሞ ሁለቱም አንዱ በሌላው ያሳብባሉ። ከመፈረማችሁ በፊት እርዳታ መጥራት እንደ ካሳ ጥያቄ ይመዘገብ እንደሆነና የሚቀጥለውን ዓመት አረቦን ይጨምር እንደሆነ ጠይቁ። አንዳንዱ ይመዘግባል።

መኪናው አሮጌ ከሆነ፣ ወይም የተለያየ መኪና የምትነዱ ከሆነ፣ እኔ ክለብ እላለሁ። የአሽከርካሪዎች ክለቦች በዚህ ሥራ የቆዩ ናቸው፤ የጀርመኑ ኤዲኤሲ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1903 ነው። አባልነቱ በአብዛኛው የሚከተለው ሰውየውን እንጂ መኪናውን አይደለም፤ የጓደኛ መኪና ይዛችሁ ብትቆሙም ይመጡላችኋል። ትልልቆቹ መካኒክ ስለሚልኩ ጋራዥ ሳትደርሱ እዚያው አስነስተው የሚሸኟችሁ ጊዜ ብዙ ነው። ግን በዓመት ስንቴ መጥራት እንደሚቻልና ገና እንደተመዘገባችሁ የማይሠራበት ጊዜ ካለ አጣሩ።

አልፎ አልፎ ብቻ ለሚነዳ ሰው በየጊዜው እየከፈሉ ክሬን መጥራትም ያዋጣል። ዋጋውን፣ የሚወስድበትን ቦታና የሰሌዳ ቁጥሩን ግን መጀመሪያ በጽሑፍ ተቀበሉ። ሳትጠሩት “ተልኬ ነው” ብሎ ከተፍ የሚል ክሬን ካጋጠማችሁ ቁልፍ አትስጡት።

ሰው የማይጠይቀው ዋናው ነገር ግን የሚመጣው መኪና ዓይነት ነው። ሁለት ጎማ አንጠልጥሎ ሁለቱን መሬት ላይ የሚጎትት አለ፣ ሙሉውን ጀርባው ላይ ጭኖ የሚሄድ አለ። አራቱም ጎማ የሚገፋው መኪና ሁለቱ ተነስተው ሁለቱ ሲሽከረከሩ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ ሊበላሹ ይችላሉ፤ ኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ሞተሩ ከጎማው ጋር የተያያዘ ስለሆነ ጎማው በዞረ ቁጥር ሞተሩም አብሮ እየዞረ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ይሄ ደግሞ አደገኛ ነው። እነዚህ መጫን አለባቸው፣ አለቀ። ስትደውሉ የመኪናውን ዓይነት ተናገሩ፤ ኦፕሬተሩ ካልጠየቃችሁ ራሱ መጥፎ ምልክት ነው። ሌላው ርቀት ነው። “ነፃ ጉተታ” የሚለው ስንት ኪሎ ሜትር ድረስ ነው? እናንተ ወደምታምኑት ጋራዥ ነው ወይስ እዚያው አቅራቢያ ወዳለው? ውሉ ላይ በትንሹ የሚጻፈው ይሄ ነው።

ከዕቃ ደግሞ ሁለቱን ብቻ እላለሁ። አንደኛው በእጅ የሚያዝ ባትሪ ማስነሻ። ኤዲኤሲ በየዓመቱ በሚያወጣው የብልሽት ዝርዝር ባትሪ ለዓመታት አንደኛ ነው፣ ስለዚህ ይቺ ትንሽ ዕቃ ብዙ ጥሪ ታስቀራለች። በየጥቂት ወሩ ቻርጅ ካላደረጋችኋት ግን በቁርጡ ቀን ራሷ ሞታ ትገኛለች። ሁለተኛው ከመኪናው ሶኬት የሚሠራ የጎማ መንፊያ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚተነፍስ ጎማ ጎሚስታ ቤት ድረስ ያደርሳችኋል። ብዙ አዳዲስ መኪኖች ስኮርታ ጎማ የላቸውም፣ የሚሰጣችሁ ቀዳዳ መድፈኛ ፈሳሽ ነው። እሱ ለሚስማር ቀዳዳ ነው፤ ጎኑ ለተቀደደ ጎማ ምንም አያደርግም። ስለዚህ የኋላውን ዕቃ መጫኛ ከፍታችሁ ስኮርታ መኖሩን ዛሬ እዩ፤ ከሌለ ክሬኑ የግድ ነው፣ ምርጫውም ወደ ክለብ ያጋድላል።