ስለ ዝነኞች የትኛውን ፖድካስት ልስማ ለምትሉ

ባለፈው ክረምት እናቴ ቡናውን ምድጃ ላይ ትታ ስታለቅስ አገኘኋት። ከልጅነቷ ጀምሮ የምትወደው ድምፃዊ «አረፈ» የሚል ቪዲዮ ደርሷት ነበር። ድምፃዊው ግን በሕይወት አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ታዋቂ ሰዎች የሚያወራ ዝግጅት ስመርጥ አስቀድሜ የማየው አቅራቢው የሰማውን ካረጋገጠው ለይቶ መናገሩን ነው።

እንግሊዝኛ የምትሰሙ ከሆነ ያለ ማመንታት የምጠቁመው «ዩ መስት ሪሜምበር ዚስ»ን ነው። የፊልም ሐያሲዋ ካሪና ሎንግወርዝ በ2014 እ.ኤ.አ. የጀመረችው ሲሆን፣ የሆሊውድን የመጀመሪያ መቶ ዓመት ታሪክ ራሷ ጽፋ ራሷ ትተርከዋለች። በ2018 ካቀረበችው ተከታታይ ጀምሩ። ለአሥርት ዓመታት እንደ እውነት ሲጠቀስ የኖረ አንድ የሐሜት መጽሐፍ ይዛ፣ ታሪኮቹን አንድ በአንድ ታጣራለች። የኮሜዲያኑ ሮስኮ አርባክል ጉዳይ እዚያ ውስጥ አለ። በተዋናይት ቨርጂኒያ ራፕ ሞት ተከሶ ሦስት ጊዜ ለፍርድ ቀረበ፤ በ1922 ዳኝነት የተቀመጡት ሰዎች ነፃ ከማለት አልፈው ይቅርታም ጠየቁት። ወሬው ግን አልተወውም፤ የሟቿንም ስም እስከ ዛሬ ያጎድፋል። ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ በሁለቱም ጊዜ ያሳዘነችኝ እርሷ ናት።

የዕለቱን ወሬ ለሚፈልግ «ሁ? ዊክሊ» አለ። ቦቢ ፊንገርና ሊንዚ ዌበር ስማቸው በየዜናው እየተነሣ ማን እንደሆኑ ግን የማናውቃቸውን ዝነኞች ያስተዋውቃሉ። በሳምንት ሁለት ክፍል ያወጣሉ፤ በአንዱ ዜናውን ያወራሉ፣ በሌላው የአድማጮችን የስልክ ጥያቄ ይመልሳሉ። ጨዋታቸው ያስቃል፤ የአሜሪካን ቴሌቪዥን ለማይከታተል ግን ግማሹ ያመልጠዋል።

ታክሲ ውስጥ ለሚሰማ የአሜሪካው ሕዝባዊ ሬዲዮ የኤንፒአር «ፖፕ ካልቸር ሃፒ አወር» ይሻላል። ክፍሎቹ አጫጭር ናቸው፤ የሚነጋገሩትም ስለ ተዋናዩ ትዳር ሳይሆን ስለ ፊልሙ ነው።

በአማርኛስ? ጋዜጠኛ መዓዛ ብሩ በሸገር ኤፍ ኤም 102.1 የምታቀርበውን «የጨዋታ እንግዳ» የሚተካከል አላገኘሁም። በሬዲዮ የተላለፉትን ቃለ ምልልሶች ኢንተርኔት ላይ ማግኘት ይቻላል። አንድ እንግዳ ከልጅነቱ ጀምሮ በርካታ ሳምንታት ይዘልቃል። መዓዛ አትቸኩልም፣ እንግዳው ሲያስብ ዝም ብላ ትጠብቀዋለች፤ ብዙውን ጊዜ ትልቁ ነገር የሚወጣው ከዚያ ዝምታ በኋላ ነው። ባለጉዳዩ ራሱ ስለ ራሱ ሲናገር መስማት ደግሞ ከሦስተኛ ሰው ወሬ ጋር አይወዳደርም።

የኢንተርኔት ጥቅል ለሚያሳስባችሁ፦ ቪዲዮውን ትታችሁ ድምፁን ብቻ፣ ዋይፋይ ባለበት ቦታ አውርዳችሁ ያዙ። ለእናቴ አምስት ክፍል ስልኳ ላይ ጭኜላታለሁ፤ ሦስተኛው ላይ ደርሳለች።