ኦስኪ ወይስ የሕመምተኛው አልጋ? የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪ ክህሎት በምን ይመዘን?

ኢንተርን፣ ደብረ ማርቆስ፦
በመጨረሻው ዓመት የሚሰጠው የተግባር ፈተና ሙሉ በሙሉ ወደ ኦስኪ ይዙር ወይስ ሎንግ ኬዙ ይቆይ የሚለውን ጥያቄ ለቡድኑ አቀርባለሁ። ከሙያው ውጭ ላላችሁ ያህል፣ ኦስኪ ማለት ተማሪው በደወል እየተመራ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ የሚዘዋወርበት፣ በእያንዳንዱ ጣቢያ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ቆይቶ አንድ የተወሰነ ተግባር የሚፈጽምበት፣ ፈታኙም ለሁሉም ተማሪ አንድ ዓይነት በሆነ ቼክሊስት ነጥብ የሚሰጥበት ፈተና ነው። ሮናልድ ሃርደንና ባልደረቦቹ በስኮትላንድ በደንዲ ከተማ ነድፈው በ1975 እ.ኤ.አ. አሳተሙት። ዛሬ በየጣቢያው የሚጠብቀው ብዙውን ጊዜ ሕመምተኛ መስሎ እንዲተውን የሠለጠነ ሰው ወይም ማኔኪን (ለልምምድ የተሠራ የሰው አሻንጉሊት) ነው። ሎንግ ኬዝ ደግሞ ተማሪው አንድን እውነተኛ ሕመምተኛ ጠይቆና መርምሮ ያገኘውን ለፈታኙ የሚያቀርብበት ፈተና ነው።

እኔ የምደግፈው ኦስኪን ነው፤ ምክንያቴም በራሴ የደረሰ ነው። በተማርሁበት ሆስፒታል ሎንግ ኬዝ በዕጣ ነበር የሚደርሰን። ለጓደኛዬ የደረሱት አዛውንት ጆሯቸው የከበደና ከእርሱ በፊት ሁለት ተማሪዎች መርምረዋቸው የታከታቸው ነበሩ። ለእኔ የደረሱት እናት ግን ገና ስቴቶስኮፑን ከኪሴ ሳላወጣ «ልጄ፣ አትድከም፤ ሚትራል ነው ብለውኛል» አሉኝ፤ ሕመማቸው የልብ በር (ቫልቭ) መሆኑን ነገሩኝ ማለት ነው። እኔ በከፍተኛ ውጤት አለፍሁ፤ እርሱ ፈተናውን ደገመ። በዕውቀት እንደሚበልጠኝ ግን ክፍሉ ሁሉ ያውቅ ነበር።

የውስጥ ደዌ መምህር፣ ባሕር ዳር፦
ወንድሜ፣ ስለ ዕጣው ያልኸውን አልክድም። አንድ ተማሪ የልብ ሕመምተኛን በሚገባ መመርመሩ የነርቭ ሕመምተኛንም እንዲሁ ለመመርመሩ ዋስትና እንደማይሆን የምዘና ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል፤ በአንድ ሕመምተኛ ብቻ መፍረድ ስሕተት ነው። ሆኖም የዕጣውን ችግር ለመፍታት ሕመምተኛውን ራሱን ከፈተናው ማስወጣት ምን ያስፈልጋል?

እኛ ያለነው ጎጃም ውስጥ ነው። በዚህ በቀይ አፈር ደጋ በባዶ እግሩ ሲያርስ የኖረና ዝሆኔ የያዘው ገበሬ ካልሲውን ሲያወልቅ የተማሪው ፊት ምን እንደሚመስል ማየት እፈልጋለሁ፤ ያ ሰው ለዓመታት ከቤተ ክርስቲያንና ከሠርግ ቤት ሲርቅ የኖረው እንዲህ ያለውን ፊት ፈርቶ ነውና። ከመተማ የቀን ሥራ ታሞ የተመለሰ ወጣት ካላዛር ይዞት ጣፊያው እስከ እምብርቱ ሲወርድ በእጅ መዳሰስንም ከጎማ ሆድ ላይ መማር አይቻልም። በኦስኪ ግን ተማሪው እጁን ሳይታጠብ «እጄን ታጥቤአለሁ» ብሎ ነጥቡን ሲወስድ በዓይኔ አይቻለሁ።

አሜሪካኖችም ቢሆኑ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተዋናይ ሕመምተኞች ሲሰጡት የቆዩትን አገር አቀፍ የክህሎት ፈተና በወረርሽኙ ጊዜ አቋርጠው፣ በጥር 2021 እ.ኤ.አ. ጨርሰው ትተውታል። የሚሰጠው በአምስት ከተሞች ብቻ ሲሆን ተማሪውን ከ1,000 ዶላር በላይ ያስከፍል ነበር።

ሲስተር፣ ብቸና፦
ዶክተር፣ ከይቅርታ ጋር፣ አሜሪካኖቹ መተዋቸው የወጪና የአስተዳደር ጉዳይ እንጂ ማኔኪን ዋጋ የለውም የሚል ፍርድ አይመስለኝም። እኔ የምናገረው አልጋው ላይ ስለተኛው ሰው ነው። ባሏ በግ ሸጦ ያሳከማትን ሴት በአንድ ቀን ስድስት ተማሪ ሆዷን ሲደባብሳት፣ እርሷ ሁሉንም ሐኪም እየመሰሏት ከእያንዳንዱ መድኃኒት ትጠብቃለች። ፈቃዷን የጠየቃት ማን ነው? ብትጠየቅስ «እምቢ» ብትል አልታከምም ብላ የምትፈራ ሴት የሰጠችው ፈቃድ ፈቃድ ይባላል?

ደግሞም በሕያው ሰው ላይ ፈጽሞ የማይፈተን ነገር አለ። ሳይተነፍስ የተወለደ ሕፃን በመጀመሪያዋ አንድ ደቂቃ ውስጥ ታብሶ፣ ተነቃቅቶ፣ ካልተነፈሰም በአምቡ ባግ (ጭምብል ባለው፣ በእጅ በሚጨመቅ የአየር ከረጢት) አየር ሊሰጠው ይገባል። የሚያስተነፍሰው ተማሪ ጭምብሉን በትክክል ይገጥም እንደሆነ የሚታየው በአሻንጉሊቱ ላይ ነው። እኔ በማዋለጃ ክፍል በቆየሁባቸው ዓመታት በወረቀት ፈተና አንደኛ የወጣ ልጅ ጭምብሉን ገልብጦ ሲይዝ አይቻለሁ።

ጤና መኮንን፣ እንጅባራ፦
ሁለታችሁም ያላነሣችሁት የቋንቋውን ነገር ነው። ተዋናዩ ታካሚ የተሰጠውን ጽሑፍ አጥንቶ «ከምግብ በኋላ የላይኛው ሆዴን ያቃጥለኛል» ይላል። እኔ ጋ የሚመጣው ሰው «ልቤን ይበላኛል» ወይም «መጋኛ መታኝ» ነው የሚለው፤ አንዳንዱም ከአዊኛ በቀር አያውቅም። «ልቤን» የተባለውን ሰምቶ በቀጥታ ወደ ልብ ምርመራ የሮጠ ተማሪ በቼክሊስቱ ሙሉ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል፤ ታካሚው ግን ጨጓራውን ይዞ ይመለሳል።

የትምህርት ምዘና ባለሙያ፣ ደብረ ማርቆስ፦
ይህ እንግዲህ ጽሑፉን ያዘጋጀው ሰው ስንፍና እንጂ የዘዴው ጉድለት አይደለም። ጽሑፉ በአካባቢው ሰው አነጋገር ሊጻፍ ይችላል፤ በጣቢያዎቹ ላይም ፈቅዶና አበል ተከፍሎት የሚቀመጥ እውነተኛ የዝሆኔ ሕመምተኛ እንዳይኖር የሚከለክል ደንብ የለም። «ታጥቤአለሁ» ለሚለውም ቼክሊስቱ ላይ ልምድ ያለው ፈታኝ የሚሰጠውን አጠቃላይ ግምገማ መጨመር ይቻላል፤ እንዲያውም አስተማማኝነቱ ከቼክሊስቱ እንደማያንስ የታየበት ጊዜ አለ።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በልጅነቴ ጥቂት ጊዜ የቅኔ ተማሪ ነበርሁ። በእኛ አገር የቅኔ ጉባኤ ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ የኔታም እያንዳንዱን ሰምተው ያርማሉ። ለምርቃት ሲደርስ ያልሰሙት ነገር ስለሌለ የአንድ ቀን ፈተና አያስጨንቃቸውም። እናንተ ጋ ግን አንድ ተማሪ በዓመት ውስጥ ከአንድ ሕመምተኛ ጋር ሲነጋገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቆሞ ያየው መምህር አለ? ከሌለ፣ ኦስኪም ሆነ ሎንግ ኬዝ የዓመቱን ጉድለት በአንድ ጠዋት ሊሞላ አይችልም።

የውስጥ ደዌ መምህር፣ ባሕር ዳር፦
የለም፤ እውነቱን ልናገር። በራውንድ (ከተማሪዎች ጋር ሕመምተኞችን በየአልጋቸው ስንጎበኝ) ላይ አንድ አልጋ ዙሪያ ብዙ ተማሪ ቆሞ ከኋላ ያለው የሕመምተኛውን ፊት እንኳ አያይም። እኔም የማዳምጠው ተማሪው ያጠናቀረውን ሪፖርት ነው እንጂ ሲጠይቅ አላየሁትም። ቢሆንም ሎንግ ኬዙ ጨርሶ ይሰረዝ በሚለው አልስማማም።

ኢንተርን፣ ደብረ ማርቆስ፦
ዶክተር፣ እኔም «ሙሉ በሙሉ» ያልሁትን አነሣለሁ። ነገር ግን ሎንግ ኬዙ የሚቆይ ከሆነ ቢያንስ ፈታኙ ተማሪው ሂስትሪ ሲወስድ (የሕመሙን ታሪክ ሲጠይቅ) አብሮ ይቀመጥ፤ አንድ ሕመምተኛም በቀን ከሁለት ተማሪ በላይ አይመርመረው።

ሲስተር፣ ብቸና፦
ሁለትም ብዙ ነው። አንድ ይሁን፤ እርሱም ሕመምተኛዋ ቁርሷን ከበላች በኋላ።