ሃይሉክሴ ማታ ማታ ናፍጣ ያንጠባጥባል
አዳማ ነው ያለሁት። ፒክአፔ የቆየ ሃይሉክስ ነው፤ ሞተሩ 5ኤል፣ ባለ 3.0 ሊትር ናፍጣ፣ ቱርቦ የለውም። ከመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም የማመላልሰው በእሱ ነው። የቤቴ እንጀራ እዚያ ላይ ነው።

ሦስት ሳምንት ሆነው። ማታ አቁሜው ባደርኩ ቁጥር ጠዋት ከሥሩ መዳፍ የሚያህል የናፍጣ እርጥበት አገኛለሁ። ሳስነሳውም ቶሎ እሺ አይልም፤ የፊልትሮውን የእጅ ፓምፕ 20 ጊዜ ያህል ተጭኜ ነው የሚነሳው። ከተነሳ በኋላ ጉልበቱ ደህና ነው።

የሄድኩበት ጋራዥ ናፍጣ ወደ ሞተሩ ከሚረጩት ኖዝሎች የሚመለሰው መስመር ነው ብሎ ራንዴላዎቹን ቀየረ። አልቆመም። እኔም የፊልትሮውን ቱቦዎችና ማሰሪያዎች በአዲስ ተካሁ። ያው ነው።

ባለፈው እሁድ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ አጠብኩት፣ በደንብ አደረቅኩት፣ ከዚያ የሚፈስበት ቦታ እንዲታየኝ የሕፃን ፓውደር ነሰነስኩበት። ይሄ ነገር ጠቀመኝ። ፊልትሮውና ኖዝሎቹ ነጭ እንደሆኑ አደሩ። ለኖዝሎቹ ናፍጣ የሚገፋው ዋናው ፖምፓ አናት ላይ ግን፣ የነዳጅ መስጫው ገመድ የሚያዞረው ዘንግ ሥር፣ ፓውደሩ ሊጥ ሆኖ ጠበቀኝ። ከዚያ ቀጭን መስመር ሠርቶ በፖምፓው ጎን ወርዷል። ዘንጉን በጣቴ ወደ ጎን ስገፋው ትንሽ ይነቃነቃል።

መካኒኩ ፖምፓው ወርዶ ሙሉ በሙሉ ይታደስ ይላል። ያ ማለት መኪናው ለቀናት ይቆማል፣ የፖምፓው ታይሚንግም (ናፍጣው የሚረጭበት ቅጽበት) እንደገና ይስተካከላል። ይህን ሥራ በእጃችሁ የሠራችሁ ካላችሁ፦ ዘንጉ እንዲህ እየተነቃነቀ፣ ፖምፓውን ሳላወርድ ናፍጣ እንዳይወጣ የሚዘጋውን የዘንጉን ጎሚኒ ብቻ ብቀይር ፍሳሹ ይቆማል?