ኤም ኤስ (መልቲፕል ስክለሮሲስ፣ አንጎልንና ህብለ ሰረሰርን የሚያጠቃ በሽታ) ላለባቸው ልጆችና ቤተሰቦቻቸው፦ የጋራ ፕሮፖዛላችን ላይ የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁም። የፕሮፖዛሉ የመጀመሪያ ድራፍት ደርሷችኋል ብዬ አስባለሁ። አሁን ባለው ቅደም ተከተል 1ኛ የመድኃኒት ድጋፍ፣ 2ኛ ሜይ 30 የዓለም ኤም ኤስ ቀን ላይ የግንዛቤ ዝግጅት፣ 3ኛ የወላጆች ግሩፕ ነው። የሚጨመር የሚቀነስ ካለ እስከ ሐሙስ እዚሁ ጻፉልኝ፣ ዝም ያለውን ሰው ተስማምቷል ብዬ ማለፍ አልፈልግም።

የ12 ዓመት ልጅ እናት፦
ድራፍቱን ሁለቴ አነበብኩት፣ የተለፋበት መሆኑ ያስታውቃል፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ግን ትምህርት ቤት የሚል ቃል አንድ ቦታ እንኳን አጣሁበት። የኔ ልጅ የጀመራት በዓይኗ ነው፣ በአንዱ ዓይኗ ቀይ ቀለም ደብዝዞ ይታያት ነበር፣ መነጽር ነው ምናምን ስንል ሳምንታት አልፈው ኤምአርአይ ተነስታ ነው የታወቀው። እሱ አለፈ፣ ዓይኗም ደህና ተመለሰላት። ያላለፈው ድካሙ ነው። ጠዋት የጻፈችውንና ከሰዓት የጻፈችውን ገጽ ጎን ለጎን ብታዩት የአንድ ልጅ ጽሑፍ አይመስላችሁም፣ ጠዋት መስመሩን ይዞ የሄደው ፊደል ከሰዓት ወደ ታች እየወረደ እየወረደ መጨረሻ ላይ ግማሽ ቃል ላይ ይቆማል። አስተማሪዋ እዛ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ትኩረት አትሰጪም» ብላ ጽፋባታለች። እኔ አልፈርድባትም፣ ልጄ ትሄዳለች፣ ትስቃለች፣ ምን እንዳለባት በምን ታውቃለች? ደብተሩን ግን ያገኘሁት ፍራሽ ስር ተደብቆ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራችን ለትምህርት ቤት የሚሰጥ አንድ ገጽ ወረቀት ይሁን፣ ሐኪም ያየው፣ ማንም አስተማሪ በአምስት ደቂቃ አንብቦ የሚገባው።

ነርስ፦
እኔም የምጨምረው እዚሁ ላይ ነው። ከ100 የኤም ኤስ ታማሚ 18 ዓመት ሳይሞላው የሚጀምረው ከ3 እስከ 5 ቢሆን ነው፣ ስለዚህ አብዛኛው ሰው በሽታውን የሚያውቀው የአዋቂ አድርጎ ነው። ልጆች ላይ ከአዋቂ ቶሎ ቶሎ ያገረሻል፣ ከእያንዳንዱ ማገርሸት ደግሞ ጥሩ አድርገው ያገግማሉ፣ ይሄ ማገገማቸው ነው ሰውን የሚያሳስተው። በዓይን የማይታየው ግን ይቀራል፣ ከሦስት ልጅ አንዱ አካባቢ ማስታወስ፣ ነገር ቶሎ መያዝ፣ ትኩረት ማቆየት ያስቸግረዋል። ወረቀቱ ላይ ሙቀት ይግባልኝ፣ ሙቀት ወይ ትኩሳት ሲኖር የድሮው ምልክት ለጊዜው ሊብስ ይችላል፣ ሰውነት ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። አዲስ ምልክት መጥቶ 24 ሰዓት ካለፈው ግን ሳይውል ሳያድር ለሐኪሙ ይነገር። ተላላፊ አለመሆኑም በትልቁ ይጻፍ፣ ልጅ ለብቻው እንዳይቀመጥ።

አባት፦
እህቴ ያሉት ነገር ልቤን ነክቶታል፣ ግን መድኃኒቱ ወደ ታች እንዳይወርድ እለምናለሁ። ልጄ ለረጅም ጊዜ በመርፌ ነበር፣ የመርፌው ቀን ሲደርስ ከጠዋት ጀምሮ አያናግረኝም ነበር። አሁን ፊንጎሊሞድ ነው የሚወስደው፣ በ2018 አሜሪካ ውስጥ ከ10 ዓመት ጀምሮ ላሉ ልጆች የተፈቀደው ክኒን ማለት ነው። እሱም ዝም ብሎ አይጀመርም፣ የኩፍኝ ሳይሆን የጉድፍ በሽታ መከላከያ ደሙ ውስጥ አለ ወይ ተብሎ ይመረመራል፣ የመጀመሪያዋን ፍሬ ሲውጥ ልቡን እየተከታተሉ 6 ሰዓት አቆይተውናል። ይሄንን ሁሉ የማይችል ቤተሰብ ስንት አለ። እና ደግሞ «እርዱን» ብቻ ብለን ከምንጽፍ በ2023 የዓለም ጤና ድርጅት ግላቲራመር፣ ክላድሪቢንና ሪቱክሲማብን ለኤም ኤስ አስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ማስገባቱን እንጥቀስ፣ በምን መነሻ እንደምንጠይቅ ይታወቅልን።

አስተማሪ፦
የክፍል ሰው ስለሆንኩ አጭር ላድርገው። «ልጁን ተረዱት» ቢሉኝ ምን ላድርግ? «ከባዱን ትምህርት ጠዋት ላይ አድርጉለት፣ ፈተና ላይ ጊዜ ጨምሩለት፣ መሀል ላይ 10 ደቂቃ ይረፍ፣ ሽንት ቤት ሲጠይቅ ሳትጠይቁ ልቀቁት» ቢሉኝ ግን ነገ እጀምራለሁ። እንደዛ አድርጋችሁ ጻፉት።

በ14 ዓመቱ የታወቀለት ወጣት፦
እስካሁን ሁላችሁም ስለ ልጁ ነው ያወራችሁት፣ ከልጁ ጋር ስለማውራት ማንም አላነሳም። እኔ የበሽታዬን ስም የሰማሁት በበር ቀዳዳ ነው፣ እናቴ ስልክ ላይ እያለቀሰች ስታወራ፣ እና ልሞት ነው ብዬ ለወራት ለማንም ሳልናገር ቆየሁ። የደበቁኝ ወደውኝ ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን ብቻዬን አስቀሩኝ። ወረቀቱ ጥሩ ነው፣ ግን ልጁ ሳያነበው፣ ማን እንዲያየው እንደሚፈልግ ሳይጠየቅ አይሰጥ። የወላጆች ግሩፕ ካለ ለኛም ይኑረን፣ ለወንድምና እህቶችም። የኔ ታናሽ እህት እኔ ስታመም ሁሌ ጎረቤት ነበር የምትተወው፣ እስካሁን ታነሳዋለች።

የ12 ዓመት ልጅ እናት፦
ወንድሜ ትናንት ማታ የጻፍከውን አንብቤ ዝም ማለት አቃተኝ፣ ልጄን አስቀምጬ ጠየቅኳት። እኔ የምትቃወም መስሎኝ ነበር፣ እሷ ግን እስክሪብቶ አምጪ አለችኝ። ሁለት ነገር አስጻፈችኝ፣ «ሲደክመኝ ክፍሉ ፊት ምን ሆንሽ አትበሉኝ፣ ጠረጴዛው ላይ ሰማያዊ እስክሪብቶዬን ካስቀመጥኩ ደክሞኛል ማለት ነው» እና «ከስፖርት አታስወጡኝ፣ ሲበቃኝ እኔ እነግራችኋለሁ»።

ጸሐፊ፦
እሺ፣ ቅደም ተከተሉን ቀይሬዋለሁ። ወረቀቱ ገንዘብ ስለማይፈልግ መልስ ሳንጠብቅ እንጀምረዋለን፣ መምህር የክፍሉን፣ ሲስተር የሕክምናውን ጻፉ፣ የሁለታችሁን ነርቭ ሐኪም ያይልናል። ከታች ለልጁ በራሱ እጅ የሚሞላ ባዶ ቦታ ይኖራል። የመድኃኒቱ ክፍል የፕሮፖዛሉ ዋና ጥያቄ ሆኖ ይቀጥላል፣ አባት የ2023ቱን አንቀጽ እርስዎ ያዘጋጁልኝ። የልጆቹን ግሩፕ ለመምራት ወጣቱ ወንድማችን ፈቃደኛ ከሆንክ ስምህን በውስጥ ላክልኝ። የግንዛቤ ዝግጅቱን ለጊዜው አውጥቼዋለሁ፣ የሚቃወም ካለ እስከ ሐሙስ።