የኤኮን «የጽጌረዳው ስም» ገጽ ልዝለል?

ጥያቄ፦ ሰላም ወገኖች። የኡምቤርቶ ኤኮን ልቦለድ ጀምሬ ገጽ 80 ላይ ቆሜያለሁ። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1327፣ ቦታው ጣልያን ውስጥ ያለ ገዳም። መነኮሳት ይሞታሉ፤ አንድ ፍራንሲስካዊ (የቅዱስ ፍራንሲስ ማኅበር መነኩሴ) ገዳዩን ይፈልጋል። ይሄ ልብ ይሰቅላል። ግን ክርስቶስ ንብረት ነበረው ወይስ አልነበረውም የሚለው ክርክር አደከመኝ። ልዝለለው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እባክህ አትዝለል! ያ ክርክር የፈጠራ አይደለም። የሮማው ጳጳስ ዮሐንስ 22ኛና ፍራንሲስካውያን የምር የተጣሉበት ነው። ኤኮ መጀመሪያ የመካከለኛው ዘመን ተመራማሪ ነበር፤ ቱሪን ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፉን የሠራው በመካከለኛው ዘመን የሃይማኖት ሊቅ በቶማስ አኲናስ የውበት አስተሳሰብ ላይ ነው። ይህ የመጀመሪያ ልቦለዱ እ.ኤ.አ. በ1980 ሲወጣ 48 ዓመቱ ነበር። የመጀመሪያዎቹን መቶ ገጾች አሳጥር ሲሉት እምቢ አለ። ገዳሙን መግባት የፈለገ አንባቢ የገዳሙን እርምጃ ይልመድ ነው ነገሩ። እኔም ሁለቴ አቋርጬ በሦስተኛው ነው የገባኝ።

መልስ፦ እኔን የያዘኝ የመጻሕፍት ቤቱ ነው። አያቴ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ብራና ሲፍቁ፣ መቃ ሲቀርጹ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ነው ያደግሁት። መነኮሳቱ መስኮት ሥር ጎንበስ ብለው ሲጽፉ ሳነብ እሳቸው ታዩኝ፤ ቀለሙ ሁሉ ሸተተኝ። አንድ መጽሐፍ ሰው የሚያስገድል ነገር እንደሆነ ያመንኩት ለዚህ ነው። ከዚህ በላይ አልናገርም፣ መጨረሻውን አላበላሽብህም።

ጠያቂው፦ እግዜር ይስጥልኝ። ከገጽ 60 መልሼ ዛሬ ማታ እጀምራለሁ።